ከስካን ወደ ሶሊድ ሞዴል፦ ንድፍ የሌለውን መለዋወጫ በካድ መልሶ መሥራት

አንድ የተሰነጠቀ የፓምፕ ክዳን ጠረጴዛችሁ ላይ አለ እንበል። ንድፉ የለም፤ አምራቹም ይህን ሞዴል ማምረት አቁሟል፤ ማሽኑ ግን ቆሟል። ስካነር ስላላችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ክዳኑን የሚመስል ነገር ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ብዙ ሰው ሥራው እዚህ ያለቀ ይመስለዋል። ገና ምንም አልተሠራም። ስካነሩ የሰጣችሁ ሜሽ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ተያይዘው የሠሩት ቆዳ። ቀዳዳው ቀዳዳ መሆኑን አያውቅም፤ ዲያሜትሩን ልቀይር ብትሉም የሚቀየር ቁጥር የለውም።

ከመጀመሪያው ልትይዙት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ስካኑ የሚነግራችሁ ዕቃው ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ነው፤ የምትሠሩት የካድ ሞዴል (በኮምፒውተር የንድፍ ፕሮግራም በልኬት የሚሠራ ሙሉ አካል፣ ሶሊድ) ግን ዕቃው ሲነደፍ ምን እንዲሆን ታስቦ እንደነበር ማሳየት አለበት። በሁለቱ መካከል የዓመታት መበላት፣ የሻጋታ መዛባት፣ የስካነሩ ስህተትና ለስካን የተነፋበት ዱቄት ውፍረት አለ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን ልዩነት ለይቶ ለማውጣት የሚያገለግል ነው። ምሳሌያችን እስከ መጨረሻው ያው የፓምፕ ክዳን ይሆናል፦ በሻጋታ የፈሰሰ አሉሚኒየም፣ አንድ ጠፍጣፋ ፊት፣ አንድ የኩሽኔታ መቀመጫ፣ አራት የብሎን ቀዳዳዎች።

1. ስካነሩን ከማብራታችሁ በፊት

መጀመሪያ ዕቃው ከምን ጋር እንደሚገናኝ ጠይቁ። ክዳናችን ሌላ ዕቃ የሚነካው በሦስት ቦታ ብቻ ነው፦ ከፓምፑ አካል ጋር በሚገጥመው ፊት፣ በኩሽኔታው መቀመጫና በብሎን ቀዳዳዎቹ። እነዚህ ቦታዎች በመቶኛ ሚሊሜትር የሚጠየቁ ናቸው። የቀረው የውጭ ቅርጽ ግማሽ ሚሊሜትር ቢዛባ ማንንም አይጎዳም። ዕቃውን ፎቶ አንሱና ሁለቱን ዓይነት ቦታዎች በተለያየ ቀለም አስምሩባቸው። ጊዜያችሁን የምታከፋፍሉት በዚህ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ስካነሩ የማይችለውን በእጅ ለኩ። የቀዳዳዎችን ዲያሜትር በካሊፐር፣ የኩሽኔታውን መቀመጫ በውስጥ መለኪያ፣ የጠፍጣፋ ክፍሎችን ውፍረት በማይክሮሜትር ውሰዱ። የብሎን ጥርስ በስካን አይታመንም፤ ሸለቆው ጠባብ ስለሆነ ብርሃኑ እስከ ታች አይደርስም። የጥርስ መለኪያ ከሌላችሁ በውስጡ የነበረውን ብሎን አውጡና የአሥር ጥርሶችን ርዝመት ለኩ። 12.5 ሚሜ ከሆነ የጥርሱ ርቀት 1.25 ነው፤ ያ መደበኛው ኤም 8 (ውፍረቱ 8 ሚሜ የሆነ ብሎን) ነው። ወደ 14.1 ከተጠጋ ደግሞ በአንድ ኢንች 18 ጥርስ ያለው የኢንች ብሎን ነው። የሁለቱ ውፍረት እጅግ ተቀራራቢ ስለሆነ በዓይን አይለዩም።

በኩሽኔታው ላይ የተጻፈውን ቁጥርም ገልብጡ። የእኛው 6204 ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን የውስጥ ዲያሜትሩ 20፣ የውጩ 47፣ ውፍረቱ ደግሞ 14 ሚሜ እንደሆነ ይነግራችኋል። ከማንኛውም ስካን ይልቅ የታመነ መረጃ ነው።

በመጨረሻ ዕቃውን በሚዛን መዝኑና ጻፉት። ጥቅሙ መጨረሻ ላይ ይታያል።

2. ስካኑን ማንሳት

ዘይቱንና ዝገቱን አጽዱ። የሚያብረቀርቅ ብረትና ጥቁር ቀለም ብርሃኑን ስለሚያባክኑ ነጭ የስካን ስፕሬይ ያስፈልጋል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ራሱ ተኖ የሚጠፋው ዓይነት ለጽዳት ያመቻል። በስሱ ንፉ። በጉድጓድ ግድግዳ ላይ 0.02 ሚሜ ዱቄት ካረፈ ዲያሜትሩን በ0.04 ያጠበዋል፤ ለኩሽኔታ መቀመጫ ይህ ብዙ ነው። ስካነሩ ቦታውን የሚለይባቸውን የሚለጠፉ ምልክቶች በጠፍጣፋና ትርጉም በሌለው ቦታ ላይ በታትኑ እንጂ በጠርዝ ላይ ወይም በሚገጣጠም ፊት ላይ አታድርጉ።

ዕቃውን ቢያንስ በሁለት አቀማመጥ፣ አንዴ ፊቱን አንዴ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስካን አድርጉ። ጥልቅ ኪሶች ባዶ ሆነው ከቀሩ ባዶ ይቅሩ። ሶፍትዌሩ በግምት ከሚሞላው ቀዳዳ ይልቅ «እዚህ አላየሁም» የሚል ባዶ ቦታ ይሻላል።

3. ሜሹን ማጽዳት፣ ግን አለማሳመር

ፋይሉን ስትከፍቱ መጀመሪያ መጠኑን አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የኤስቲኤል ፎርማት የመለኪያ አሃድ አይይዝም፤ ቁጥሩ ሚሊሜትር ይሁን ኢንች የሚወስነው የሚከፍተው ፕሮግራም ነው። በካሊፐር የለካችሁትን አንድ ርዝመት ከሜሹ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ 25.4 እጥፍ ከሆነ ምክንያቱን አገኛችሁ።

ከዚያ በአየር ላይ የቀሩ ፍርፋሪዎችን፣ የተደራረቡ ሦስት ማዕዘኖችንና የጠረጴዛውን ቅሪት ሰርዙ። ሜሽላብ የተባለው ፕሮግራም ለዚህ በቂ ነው፤ ክፍያም የለውም። ሁለት ሚሊዮን ሦስት ማዕዘን ያለውን ፋይል ወደ ሦስት መቶ ሺህ አካባቢ ብታወርዱት ኮምፒውተራችሁ ይተነፍሳል፤ በጠፍጣፋው ላይ ሦስት ማዕዘኖችን ቀንሶ ጠመዝማዛውን የሚጠብቅ የመቀነሻ ዘዴ ምረጡ። የመጀመሪያውን ፋይል ግን ሳትነኩ አስቀምጡ፤ በመጨረሻ የምታወዳድሩት ከእሱ ጋር ነው።

ማለስለሻውን አትንኩት። ሜሹን ሲያለሰልሱት ያምራል፤ ጠርዙ ግን ይቀልጣል፣ ጉድጓዱም መጠኑን ይለውጣል። ሻካራ ሜሽ ላይ በብዙ ሺህ ነጥቦች የተገጠመ (ከነጥቦቹ ጋር በጣም እንዲቀራረብ በስሌት የተሠራ) ሲሊንደር ሻካራነቱን በአማካይ ያጠፋዋል፤ የተለሰለሰ ሜሽ ግን የተዛባውን ቁጥር እውነት አስመስሎ ያቀርባል።

ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ «ወደ ሶሊድ ቀይር» የሚለውን ትእዛዝ ተጭኖ ሥራውን ለመጨረስ ይሞክራል። ፍሪካድ በሚባለው ነጻ የካድ ፕሮግራምም በሌሎቹም ይህ ትእዛዝ አለ። የሚያደርገው እያንዳንዱን ሦስት ማዕዘን አንድ ትንሽ ወለል ማድረግ ነው። ውጤቱ በስም ሶሊድ ነው፤ ሦስት መቶ ሺህ ወለል ያለው፣ ለመክፈት የሚከብድ፣ አንድም ልኬት የማይቀየርበት ሶሊድ።

4. ሜሹን በአክሲስ ላይ ማስተካከል

ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው፤ የኋላው ችግር ግማሹም ከዚህ ይመነጫል። ስካነሩ ዕቃውን በባዶ ቦታ ውስጥ እንዳጋጣሚ ነው የሚያስቀምጠው። ከመሣላችሁ በፊት ፊቱ በኤክስ-ዋይ ወለል ላይ፣ የኩሽኔታው መሃል በዜሮ ነጥብ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። አለዚያ እያንዳንዱ ስኬች (ቅርጹ የሚነሳበት በወለል ላይ የሚሣል ሥዕል) በትንሹ ያዘመመ ይሆናል።

ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ወለል፣ ቀጥሎ መስመር፣ በመጨረሻ ነጥብ ነው። ወለሉ ሁለት የመዞር አቅጣጫዎችንና አንድ የመንቀሳቀስ አቅጣጫን ይቆልፋል፤ መስመሩ የቀረውን መዞር፤ ነጥቡ የቀረውን መንሸራተት። በክዳናችን ወለሉ ከፓምፑ ጋር የሚገጥመው የተላገ ፊት ነው። መስመሩ ተቃራኒ የብሎን ቀዳዳዎችን መሃል ለመሃል የሚያገናኘው ነው። ነጥቡ የኩሽኔታው መቀመጫ መሃል ነው። በሻጋታ የፈሰሰ ያልተላገ ገጽን ለማስተካከያ አትጠቀሙ። የመጀመሪያው ሠራተኛም ዕቃውን ማሽን ላይ ካሰረ በኋላ የሚለካው ከላገው ፊት ነበር፤ እናንተም የእሱን መንገድ ተከተሉ።

ወለሉን ስትገጥሙ ከጠርዙ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገብታችሁ ነጥቦችን ምረጡ። ማንኛውም ስካነር ስለታም ጠርዝን ክብ አድርጎ ነው የሚያየው፤ የጠርዝ ነጥቦችን ካካተታችሁ ወለሉ ይጎትታል። ጠርዙ ራሱ የት እንደሆነ የምታውቁት ሁለት ወለሎችን ገጥማችሁ በማገናኘት ነው።

አንድ ጊዜ የካምቢዮ ጎን ሽፋን ስሠራ የዘንጉን አቅጣጫ ከአጭር ጉድጓድ ወሰድኩ። የሲሊንደሩ መገጠም በስክሪኑ ላይ እንከን የለሽ ነበር። ሽፋኑ ተሠርቶ ሲገጠም ግን የዘይት መከላከያ ጎማው በአንድ ጎን ብቻ ተጫነ፤ ዘይትም ማፍሰስ ጀመረ። ኋላ ሳሰላው ምክንያቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ጉድጓዱ 14 ሚሜ ብቻ ጥልቀት ሲኖረው የ0.02 ሚሜ ስህተት ዘንጉን በ0.08 ዲግሪ ያዘነብለዋል፤ ይህ ዝንባሌ ከ200 ሚሜ በኋላ ወደ 0.29 ሚሜ ያድጋል። ከዚያ ወዲህ ከአጭርና ሰፊ ጉድጓድ መሃሉን ብቻ ነው የምወስደው፤ አቅጣጫውን ከትልቁ የተላገ ፊት።

5. ቅርጹን መበተን

አሁን ሜሹን እንደ አንድ ቅርጽ ማየት ተዉ። የተነደፈ ዕቃ ሁሉ ከጥቂት ነገሮች የተገነባ ነው፦ ወለል፣ ሲሊንደር፣ ኮን፣ ሉል፣ የጠርዝ ማለስለሻ (ሆን ተብሎ የተጠጋጋ ጠርዝ)። በክዳናችን ላይ ቁጠሯቸው። አንድ ዲስክ፣ በመሃሉ አንገት፣ አራት ጆሮዎች (የብሎን ቀዳዳዎቹ ያሉባቸው)፣ አራት የጎን አጥንቶች (ማጠናከሪያዎች)፣ ከኋላ ኪሶች፣ ከዚያ ቀዳዳዎች። ይህ ዝርዝር የሞዴላችሁ የግንባታ ቅደም ተከተል ነው።

ለእያንዳንዱ ክፍል ተስማሚውን ቅርጽ በሜሹ ላይ ግጠሙ። ክላውድ ኮምፔር የተባለው ፕሮግራም ከነጥቦች መካከል ወለሎችንና ሲሊንደሮችን ራሱ ፈልጎ የሚያወጣ መሣሪያ አለው፤ መሠረቱ ራንሳክ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ፊሽለርና ቦልስ ያሳተሙት ዘዴ ነው። ጥቂት ነጥቦችን በዕጣ እያነሳ ቅርጽ ይሞክራል፤ ብዙ ነጥብ የተስማማበትን ያስቀራል። ስለዚህ የተጫረው ወይም የተሰነጠቀው ቦታ ውጤቱን አያበላሸውም። እንደ ጂኦማጂክ ዲዛይን ኤክስ ያሉት ክፍያ ያላቸው ፕሮግራሞች ይህንኑ በአንድ ቁልፍ ይሠሩታል፤ ፍርዱ ግን አሁንም የእናንተ ነው።

ስለ ትንሽ ቅስቶች ተጠንቀቁ። ክብ የሚመስል ጠርዝ 10 ሚሜ ብቻ የሚታይ ከሆነና እውነተኛው ራዲየስ 50 ከሆነ፣ የቅስቱ ከፍታ ሩብ ሚሊሜትር ብቻ ነው። የ0.03 ሚሜ ስህተት ራዲየሱን ከ45 እስከ 57 ያወዛውዘዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ሶፍትዌሩ 53.418 ብሎ ቢነግራችሁ ከነጥቡ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ትርጉም የላቸውም፤ በራዲየስ መለኪያ በእጅ ፈትሹ፣ ወይም ከዚያው ዕቃ ላይ ረጅም ቅስት ፈልጉ።

6. ቁጥሮቹን መወሰን

የሥራው ልብ ይህ ነው። ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ሥሩ፦ ስካኑ ያለው፣ የእጅ መለኪያው ያለው፣ የወሰናችሁት። ለእያንዳንዱ ውሳኔ በአንድ ዐረፍተ ነገር ምክንያት ጻፉ።

የኩሽኔታ መቀመጫውን እንውሰድ። ስካኑ 47.11 አለ፤ የውስጥ መለኪያው 47.13 አለ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ኩሽኔታው በመቀመጫው ውስጥ ዞሮ አሉሚኒየሙን በልቶታል። ይህን ቁጥር ወደ ሞዴሉ ካስገባችሁት ብልሽቱን በታማኝነት ገልብጣችሁ አዲስ ክዳን ላይ አኖራችሁት ማለት ነው። ኩሽኔታው 47 መሆኑን ቁጥሩ ነግሮናል፤ ስለዚህ መቀመጫው 47፣ ቶሌራንሱ (የሚፈቀደው የልኬት ልዩነት) ኤች 7፣ ማለትም ከ47.000 እስከ 47.025 ይሆናል። መቀመጫው በሙሉ ካልተበላ ኩሽኔታው ያልደረሰበትን የጉድጓዱን ጥግ ለኩ፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ልኬት እዚያ ተርፎ ይገኛል።

የብሎን ቀዳዳዎቹ በስካን 8.94፣ 9.02፣ 8.97 እና 9.21 ወጡ። ለኤም 8 ብሎን የተለመደው ማለፊያ ቀዳዳ 9 ሚሜ ነው። አራተኛው ረዝሟል፤ ብሎኑ ላልቶ እየመታው ስለቆየ ነው። አራቱም 9 ይሁኑ። የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትር 89.87 ከሆነና በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 89.93፣ 90.11 የመሳሰለ ከሆነ በንድፉ ክቡ 90 ሚሜ፣ ማዕዘኑም 90 ዲግሪ እንደነበር አትጠራጠሩ። ሆኖም ማዕዘኑ 87 ወጥቶ ከሆነ ወደ 90 አትጎትቱት። አንዳንድ ክዳን በስህተት ተገልብጦ እንዳይገጠም አንዱ ቀዳዳ ሆን ተብሎ ይዛነፋል። ለማጠጋጋት የሚፈቀደው ልዩነቱ በስካነሩ ስህተትና በመበላቱ ሊገለጽ ሲችል ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ በሚሊሜትር አልጠጋጋ ካሉ በኢንች ሞክሩ። 12.7፣ 19.05 ወይም 9.52 እያያችሁ ከሆነ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛና ሦስት ስምንተኛ ኢንች ናቸው፤ መላው ዕቃ በኢንች የተነደፈ ነው። ማርሽ ከሆነ የውጭ ዲያሜትሩን በጥርሱ ብዛት ሲደመር ሁለት አካፍሉት፤ ለተለመደው ቀጥ ያለ ማርሽ ሞጁሉን፣ ማለትም የጥርሱን መጠን የሚገልጸውን ቁጥር፣ ይሰጣል። 2.03 ቢወጣ ሞጁሉ 2 ነው፤ ጥርሱን ከስካን አትከተሉ፣ ከሞጁሉ አመንጩት።

የፈሰሰው ግድግዳ ውፍረት ደግሞ ከላይ 5.9፣ ከታች 6.6 ይላል። ይህ መዛባት አይደለም። ዕቃው ከሻጋታው እንዲወጣ ግድግዳው በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ እንዲያዘነብል ይደረጋል፤ ድራፍት ይባላል። ግድግዳውን ቀጥ አድርጋችሁ በ6.25 ብትሠሩት ከሻጋታው የማይወጣ ዕቃ ይሆናል። አዲሱ ክዳን ከሙሉ ብረት ተቀርጾ የሚወጣ ከሆነ ግን ድራፍቱን ብትተዉት ይቀላል።

7. ሞዴሉን መገንባት

በፍሪካድ የሜሽ ክፍል ውስጥ «ክሮስ ሴክሽንስ» የሚለው መሣሪያ ሜሹን በፈለጋችሁት ከፍታ ቆርጦ መስመሩን ይሰጣችኋል። በፊውዥንና በሶሊድወርክስም ተመሳሳዩ አለ። ያ መስመር ሻካራ ነው። በእሱ ላይ ስፕላይን (በነጥቦች የሚያልፍ ተጣጣፊ መስመር) እየነጠባችሁ አትሳሉ። መስመሩን ከጀርባ እንደ ጥላ አድርጉትና በላዩ ላይ ንጹሕ ስኬች ሣሉ፦ ቀጥታ መስመር፣ ቅስት፣ ክብ፣ ከዚያ በሰንጠረዡ ላይ የወሰናችኋቸውን ልኬቶች። ስኬቹ ሙሉ በሙሉ መታሰር አለበት፤ አንድ ነጥብ ልቅ ከቀረ አንድ ቀን ይንሸራተታል።

መጀመሪያ ዲስኩንና አንገቱን በአንድ የጎን ስኬች በሬቮልቭ አዙሩ። ጆሮውንና የጎን አጥንቱን አንድ ጊዜ ብቻ ሠርታችሁ በክብ አራት ጊዜ ድገሙት። እዚህ ላይ የእኛ ክዳን አንድ ጆሮ የተሰነጠቀ ነው፤ ጤነኛውን ጆሮ ስለምትደግሙ ስንጥቁ አያስጨንቃችሁም። ከዚያ ኪሶቹ፣ ከዚያ ቀዳዳዎቹ፣ ከዚያ ድራፍቱ። የጠርዝ ማለስለሻዎቹን መጨረሻ ላይ አድርጉ። ቀድመው ከገቡ ከኋላ የሚመጣው ሁሉ በእነሱ ላይ ይንጠለጠላል፤ አንዱን ስትቀይሩ ሁሉም ይፈርሳል።

ቅርጹ በወለልና በሲሊንደር የማይገለጽ ከሆነ፣ ለምሳሌ የእጅ መያዣ ወይም የፓምፕ ምላጭ፣ ሜሹን በተጣጣፊ ወለሎች የሚያለብስ አውቶማቲክ መሣሪያ ተጠቀሙ። የሚገጣጠመውን ክፍል ግን እንደተለመደው በልኬት ሠርታችሁ ሁለቱን አዋህዱ።

8. መፈተሽ

ሞዴሉን ወደ መጀመሪያው ያልተነካ ሜሽ መልሱትና የልዩነት ካርታ አውጡ፤ ሞዴሉ ከሜሹ የት ምን ያህል እንደሚርቅ በቀለም የሚያሳይ ነው፣ አረንጓዴ ማለት ልዩነቱ በገደቡ ውስጥ ነው ማለት ነው። የቀለሙን ገደብ ሶፍትዌሩ እንዲመርጥላችሁ አትፍቀዱ፤ ገደቡ አምስት ሚሊሜትር ከሆነ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው። ለተላገው ፊት ±0.05፣ ለፈሰሰው ገጽ ±0.4 አካባቢ አድርጋችሁ ሁለት ካርታ አውጡ።

ካርታውን ማንበብ ልምድ ይጠይቃል፤ መነሻው ግን ይህ ነው። ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ቀለሙ ቀስ በቀስ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ከሄደ ስህተቱ በማስተካከያው ላይ ነው፤ ወደ አራተኛው ደረጃ ተመለሱ። ሁሉም ገጽ በእኩል መጠን ወደ ውጭ ከወጣ ዱቄቱ ወፍሯል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንደ ደሴት የቆመ ቀለም ካለ ወይ ዕቃው ተበልቷል፣ ወይ እናንተ የረሳችሁት ቅርጽ አለ። በኩሽኔታው መቀመጫ ላይ ቀለም መታየት አለበት፤ አረንጓዴ ከሆነማ ብልሽቱን ገልብጣችኋል። ሶፍትዌሩ ሞዴሉን በሜሹ ላይ በራሱ እንዲያስማማ የሚያደርገውን ትእዛዝ እዚህ አትጠቀሙ፤ ስህተቱን በመላው ዕቃ ላይ በትኖ ይደብቀዋል።

አሁን ሚዛኑ ይመጣል። ክዳኑ 612 ግራም ነበር። የሞዴሉን ይዘት በአሉሚኒየም 2.7 ግራም በኩቢክ ሴንቲሜትር ብታባዙት 588 ወጣ እንበል። የጎደለው 24 ግራም ወደ 9 ኩቢክ ሴንቲሜትር አሉሚኒየም ነው። ይህ ትንሽ አይደለም፤ ስካነሩ ያላያቸው የኋላ ኪሶች ከእውነተኛው ይልቅ ጥልቅ ተደርገው ተሠርተዋል ማለት ነው። በካሊፐሩ የጥልቀት ዘንግ ገብታችሁ ለኩ። ለብረት 7.85፣ ለግራጫ ካስት አይረን 7.2 አካባቢ ተጠቀሙ።

ከማሠራታችሁ በፊት ሞዴሉን በስሪዲ ፕሪንተር በፕላስቲክ አውጡና ፓምፑ ላይ ግጠሙት። ብሎኖቹ በእጅ ይግቡ፤ ፊቱ ይረፍ፤ ከጎን ያለ ቧንቧ አይንካ። ፕሪንተር ከሌላችሁ የፊቱን ንድፍ በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት አትማችሁ በአሮጌው ክዳን ላይ አስቀምጡ። በማተሚያው «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለው እንዳይበራ ተጠንቀቁ።

9. ማስረከብ

ለቶርኖና ለፍሬዛ ሠራተኛው የሚሰጠው የስቴፕ ፋይልና የታተመ ንድፍ ነው። ስቴፕ በአይኤስኦ 10303 የተደነገገ ስለሆነ በአብዛኞቹ የካድ ፕሮግራሞች ይከፈታል፤ ቶሌራንሱን ግን ሠራተኛው የሚያነበው ከንድፉ ላይ ነው። በእኛ ክዳን ላይ ሦስት ነገር በግልጽ ይጻፍ፦ የ47 ኤች 7 መቀመጫ፣ የፊቱ ጠፍጣፋነት፣ መቀመጫው ለፊቱ ቀጥ ያለ መሆኑ። የቀረው አጠቃላይ ቶሌራንስ ይበቃዋል። ሁሉንም ቦታ በመቶኛ ሚሊሜትር ማሰር ዋጋውን ያንራል እንጂ ክዳኑን አያሻሽልም።

ስካን ቅርጽን እንጂ ቁስን አያሳይም። የአሉሚኒየሙ ዓይነት፣ ብረት ከሆነ ደግሞ ጥንካሬው፣ ለብቻው መታወቅ አለበት። የፍሬን፣ የመሪ ወይም ክብደት የሚያነሳ ክፍል ከሆነ ቁሱ በምርመራ ሳይረጋገጥ አታሠሩ። ዕቃው በፓተንት የተጠበቀ ከሆነም ከማምረት በፊት ፈቃዱን ጠይቁ።

በመጨረሻ ያልተነካውን ሜሽ፣ የካድ ፋይሉን፣ ስቴፑንና የውሳኔ ሰንጠረዡን በአንድ ማኅደር አስቀምጡ። ከወራት በኋላ አንድ ሰው «ይህ ለምን 47 ሆነ፣ ስካኑ 47.11 ይላል እኮ» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ በሰንጠረዡ ሦስተኛ ዓምድ ላይ ከነምክንያቱ ተጽፎ ያገኘዋል።